የ400 ዓመት ሥዕል፣ የዛሬ ቢሮክራሲ

ጣሊያናዊው የሰይፍ መምህር ሪዶልፎ ካፖ ፌሮ በ1610 (እ.ኤ.አ.) ሲዬና ላይ የፌንሲንግ፣ ማለት የሰይፍ ግጥሚያ፣ መጽሐፉን አሳተመ። ራፒየር የሚባለውን ረጅም ቀጭን ሰይፍ ያስተምራል፤ ሥዕሎቹ መዳብ ላይ ተቀርጸው የታተሙ ናቸው። ተጋጣሚዎቹ ከሞላ ጎደል ራቁታቸውን ናቸው። ጡንቻቸውና መገጣጠሚያቸው ሁሉ ይታያል።

እዚህ ጀርመን የፌንሲንግ ክለብ ስገባ አሰልጣኙ «መጀመሪያ ጽሑፉን አንብብ፣ ሥዕሉ ይደርሳል» አለኝ። አልተስማማሁም፣ አሁንም አልስማማም። ጽሑፉ የድሮ ጣሊያንኛ ነው። ሥዕሉ ግን እግር የት እንደሚያርፍ አፍ አውጥቶ ይናገራል።

ዕቃው ብዙ አያስቸግርም። ጭምብል፣ የአንገት መከላከያ፣ ወፍራም ጃኬት፣ ጓንት፣ ጫፉ ጎማ የለበሰ ዱልዱም ሰይፍ። ጭምብሉ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ።

እኔን የያዘኝ አንድ ሥዕል ነው። ሰውየው ቀኝ እግሩን ወደፊት ወርውሮ ይወጋል፤ ግራ እጁ ወደኋላ ተዘርግቷል፣ ግራ እግሩ ቀጥ ብሏል። ትከሻው፣ ጉልበቱና እግሩ ከመውጋቱ በፊት የት እንደነበሩ፣ ሲወጋ የት እንደደረሱ የሚጠቁሙ ፊደላት ዙሪያውን ተበትነዋል። ኢንተርኔት ላይ ባገኘሁት ኮፒ ፊደላቱ የጤፍ ፍሬ ያክላሉ፤ ሲ ይሁን ጂ አይለይም። ስለዚህ በትልቁ አሳትሜ ክለቡ ግድግዳ ላይ ልሰቅለው አሰብኩ። ጉዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

መጽሐፉ ላለው አንድ ቤተ መጻሕፍት ጻፍኩ። ፎርም ላኩልኝ። ፎቶ የማንሻ ዋጋ አለው፤ እሺ፣ የሠራ ሰው ይከፈለው። ከሥሩ ግን «የመብት ክፍያ» የሚል አለ፣ ያውም በየዓመቱ የሚታደስ። የማን መብት? ካፖ ፌሮ ከመቃብር ተነስቶ ሊቀበል ነው? የጀርመን የቅጂ መብት ሕግ አንቀጽ 68 ከ2021 ጀምሮ ግልጽ ነው፤ የጥበቃ ዘመኑ ያለፈ ሥዕል ኮፒ በቅጂ መብት አይጠበቅም። መነሻው የ2019ኙ የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ነው። ይህን ጽፌ፣ ያቺን መስመር ሰርዤ፣ የፎቶውን ብቻ ከፍዬ ላክሁ። መልሱ አጭር ነበር፤ «የጠቀሱት ሕግ የእኛን የውስጥ ደንብ አይመለከትም።» ደንብ ከሕግ በላይ መሆኑን ያን ቀን ተማርኩ።

ፎቶው መጣ። ዳር ዳሩ ተከርክሟል። ለማሳመር ነው አሉ። መሬቱና ከእግሩ ሥር ያሉት ፊደላት የሉም! ደወልኩ።

«ዋናው ሰውየው አይደለም እንዴ?» አለችኝ ሠራተኛዋ በትሕትና።

«ለእኔ ዋናው እግሩ ነው።»

«እንግዲያው አዲስ ትእዛዝ ያስገቡ።» አዲስ ትእዛዝ፣ አዲስ ክፍያ። ደሜ ፈላ።

ያንኑ መጽሐፍ ሌላ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጹ ላይ በነጻ፣ በሙሉ ጥራት፣ ከነኅዳጉ አስቀምጦት ኖሯል። እናንተ ከዚያ ጀምሩ። ፎርም የሚያስሞላ ቦታ የመጨረሻ አማራጭ ይሁን። ካዘዛችሁም «ኅዳጉ እንዳይቆረጥ» ብላችሁ በጽሑፍ አስፍሩ።

የድሮ ሥዕል ስታዩ ደግሞ ሰይፉ በየትኛው እጅ እንዳለ ቀድማችሁ ተመልከቱ። መዳቡ ላይ የተቀረጸው ወረቀት ላይ ግራ ቀኙ ተገልብጦ ይታተማል። ቀራጩ ይህን ካላሰበበት ቀኝ እጀኛ የነበረው ሁሉ ግራኝ ሆኖ ያርፈዋል። ሌላው፣ ብዙዎቹ ሥዕሎች የሚያሳዩት ሰይፉ አንገት ወይም ፊት ውስጥ የገባበትን ቅጽበት ነው። ከዚያ በፊት የሆነውን ከእግር አቋም ራሳችሁ ወደኋላ መፈልቀቅ አለባችሁ። እኔ የሠራሁት እንዲህ ነው፤ ሥዕሉ ግድግዳ ላይ፣ ፊደላቱ ወለሉ ላይ በፕላስተር። አሰልጣኙም አሁን አዲስ ገቢዎችን እዚያው ላይ ያቆማቸዋል፤ ስለ ጽሑፉ ማንሳት ትቷል።

ከመጀመሪያው ቤተ መጻሕፍት በቀደም ደብዳቤ ደርሶኛል። የዓመቱን የመብት ክፍያ አልከፈሉም ይላል፣ ላልሰቀልኩት ለዚያ ለተከረከመው ፎቶ። አንቀጽ 68ን ኮፒ አድርጌ መለስኩላቸው።