በሰፊ ስክሪን ጌም መጫወት፦ የእይታ ማዕዘንን ከመቀመጫ ርቀት ጋር የማስማማት ልምድ

ከአንድ ተራ ሞኒተር ተነስቼ በመጀመሪያ ወደ ሦስት ሞኒተሮች፣ ቀጥሎም ወደ አንድ አልትራዋይድ (ከተለመደው ይልቅ ወደ ጎን በጣም የሰፋ) ስክሪን ስሸጋገር የተማርኩትን በዚህ መንገድ ላይ ላሉ ተጫዋቾች ማካፈል እፈልጋለሁ። ስለ ሰፊ ስክሪን ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ኢንቹና ፒክስሉ ነው። እኔ ግን ከሁሉም በላይ ለውጥ ያመጣ ሆኖ ያገኘሁት ጌሙ ዓለሙን የሚያሳይበት የእይታ ማዕዘን ተጫዋቹ ከስክሪኑ ርቆ ከሚቀመጥበት ልክ ጋር መስማማቱ ነው።

በቅድሚያ መታየት ያለበት ጌሙ በተጨማሪው ስፋት ምን እንደሚያደርግበት ነው። አንዳንዱ ጌም የላይና የታች እይታውን እንዳለ ጠብቆ በግራና በቀኝ ተጨማሪ ዓለም ያሳያል። የቁመት ማዕዘኑ 60 ዲግሪ የሆነ ጌም በ16፡9 ስክሪን (ስፋቱ ለቁመቱ 16 ለ9 በሆነው በተለመደው ዓይነት) ላይ ወደ ጎን 91 ዲግሪ ያህል ሲያሳይ፣ 3440 በ1440 ፒክስል ባለው አልትራዋይድ ስክሪን 108፣ በ32፡9 ስክሪን ደግሞ 128 ዲግሪ ያሳያል። ሌላው ዓይነት ግን የጎኑን ማዕዘን እንዳለ ይተውና ከላይና ከታች ይቆርጣል። የጎን ማዕዘኑ በ90 ዲግሪ ከተወሰነ፣ በ16፡9 ወደ 59 ዲግሪ የነበረው የቁመት እይታ በአልትራዋይድ ወደ 45 ይወርዳል፤ ስለዚህ ትልቁን ስክሪን የያዘው ተጫዋች ትንሹን ከያዘው ያነሰ ያያል ማለት ነው። ኦቨርዋች የተባለው የተኩስ ጌም በመጀመሪያዎቹ ዓመታቱ ይህን የመቁረጥ መንገድ ይከተል ነበር። በ2022 የወጣው ኤልደን ሪንግ ደግሞ ምስሉን በ16፡9 ወስኖ ግራና ቀኙን በጥቁር ይሸፍነዋል። በውድድር ጌሞች ላይ የእኩልነት ጥያቄ መነሳቱ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ብቻውን ለሚጫወት ሰው ግን ስፋቱን የሚከለክልበት በቂ ምክንያት አይታየኝም።

ወደ ልኬቱ ስንመጣ የሚያስፈልገው አንድ የመለኪያ ሜትር ብቻ ነው። ባለ 34 ኢንች አልትራዋይድ ስክሪን ወደ ጎን 80 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ወደ ላይ ደግሞ 33 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ዓይኔ ከስክሪኑ በ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሲሆን፣ ስክሪኑ በእውነት የሚሸፍነው የእይታዬ ክፍል በጎን 67፣ በቁመት 31 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የስክሪኑን ግማሽ ስፋት ለርቀቱ አካፍሎ፣ የተገኘው ቁጥር የየትኛው ማዕዘን ታንጀንት እንደሆነ በካልኩሌተር ፈልጎ በሁለት ማባዛት ነው። እንደ አሴቶ ኮርሳ ያሉ የመኪና ውድድር ጌሞች የሚጠይቁት የቁመቱን ማዕዘን ስለሆነ፣ ሴቲንጉ ላይ 31 ብዬ አስገባሁ። መጀመሪያ ላይ ምስሉ ከልክ በላይ የቀረበ ይመስላል፤ መሪውና ዳሽቦርዱ ስክሪኑን ይሞሉታል። ነገር ግን ጥቂት ዙሮችን ከነዱ በኋላ መታጠፊያው ምን ያህል እንደሚርቅና ፍሬን የት መያዝ እንዳለበት በግምት ሳይሆን በዓይን ማወቅ ይቻላል፤ ምክንያቱም በስክሪኑ ላይ ያለው ነገር መጠን በእውነተኛው መንገድ ላይ ከሚታየው ጋር እኩል ሆኗል። እግረ መንገዴን ለመጠቆም ያህል፣ ይህ ልኬት በእግር እየሮጡ በሚተኩሱባቸው ጌሞች ላይ እንዲሁ መወሰድ የለበትም፤ በእነሱ ላይ አካባቢን ሰፋ አድርጎ ማየት ስለሚጠቅም ከስሌቱ በላይ መውጣት ያዋጣል።

ሦስት ሞኒተር ሲሆን ነገሩ ይወሳሰባል፤ ደስታውም የዚያኑ ያህል ነው። ጌሙ ሦስቱን እንደ አንድ ጠፍጣፋ ሸራ ቆጥሮ ሲስል፣ ከመሃል እየራቀ የሚሄደው ነገር ሁሉ ወደ ጎን ይለጠጣል። ከመሃል 64 ዲግሪ ርቆ ጠርዝ ላይ ያለ ነገር፣ መሃል ላይ ከሚታይበት ጋር ሲነጻጸር በአግድም አምስት እጥፍ ያህል ይሰፋል። በጎን የምታልፈዋ መኪና ረዝማ አውቶቡስ የምታክለው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ጌሙ ለእያንዳንዱ ሞኒተር የራሱን ካሜራ እንዲመድብና የጎኖቹን ካሜራዎች ሞኒተሮቹ በዞሩበት ልክ እንዲያዞራቸው ማድረግ ነው። አሴቶ ኮርሳና አይሬሲንግ ይህን ያደርጋሉ፤ ዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2 ላይም በኮንፊግ ፋይሉ (የጌሙ ማስተካከያዎች በተጻፉበት ፋይል) በኩል ማስተካከል ይቻላል።

የጎኖቹ ሞኒተሮች ምን ያህል መዞር እንዳለባቸውም በዚያው ስሌት ይገኛል። ባለ 24 ኢንች ሞኒተር 53 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ስላለው በ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት 48 ዲግሪ ገደማ ይሸፍናል፤ ስለዚህ የግራውና የቀኙ እያንዳንዳቸው በ48 ዲግሪ ወደ ተቀማጩ መታጠፍ አለባቸው፤ ሦስቱ በአንድነት ከ140 ዲግሪ በላይ ይሸፍናሉ። ቀጥሎ የሚመጣው የሞኒተሮቹ ጠርዝ ነው። ሁለት ሞኒተሮች በሚገናኙበት ቦታ ላይ ያለው ጥቁር ፕላስቲክ በድምሩ 2 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በዚህ መጠን ባለ 1920 በ1080 ሞኒተር ላይ ወደ 72 ፒክስል ይጠጋል። ይህን ቁጥር ለግራፊክስ ካርዱ ድራይቨር (ካርዱን ለሚያሠራው ሶፍትዌር) ስንሰጠው፣ ያን ያህል ፒክስል ከፕላስቲኩ ጀርባ እንዳለ አድርጎ ይደብቀዋል። ልኩ መምታቱን የማረጋግጠው መንገድ ላይ የተሰመረውን ነጭ መስመር በመመልከት ነው፤ መስመሩ ከመሃለኛው ሞኒተር ወጥቶ በጎኑ ላይ ሲቀጥል ደረጃ ሳይሠራ ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት። እኔ አንድ ፒክስል እየጨመርኩና እየቀነስኩ መስመሩ እስኪገጥም ድረስ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም ያ ትንሽ ስብራት በተስተካከለ ጊዜ ዓይን ጠርዙን ፈጽሞ ይረሳዋል።

በግራፊክስ ካርዱ ላይ የሚወድቀው ጫና መዘንጋት የለበትም። 3440 በ1440 ከ2560 በ1440 በሲሶ የበለጠ ፒክስል አለው፤ ሦስት 1920 በ1080 ሞኒተሮች 6.2 ሚሊዮን ፒክስል ይሆናሉ፤ 5120 በ1440 ደግሞ 7.4 ሚሊዮን ደርሶ ወደ 4ኬ ይጠጋል። በሰከንድ የሚታዩት ምስሎች (ፍሬሞች) ቁጥር ሲያንስ እኔ በቅድሚያ የምቀንሰው የጥላና የነጸብራቅ ጥራትን ነው፤ የእይታ ማዕዘኑን አልነካም። ኬብሉም መታየት አለበት፤ ከፍ ያለ ሪፍሬሽ ሬት (ስክሪኑ በሰከንድ ምስሉን የሚያድስበት ብዛት) የሚፈልግ ሰው ዲስፕሌይፖርት የተባለውን የኬብል ዓይነት ቢጠቀም ይሻላል።

አሁን ያለሁበት ደረጃ የሚከተለው ነው፦ ለመኪናና ለጭነት ጌሞች ሦስቱን ሞኒተሮች፣ ታሪክ ላላቸውና ለስትራቴጂ ጌሞች አልትራዋይዱን እጠቀማለሁ። በአልትራዋይዱ ላይ ገና እየሠራሁበት ያለሁት ካርታውና የጥይት ቁጥሩ በስክሪኑ ሁለት ጫፎች ላይ መቀመጣቸው ነው፤ ወደ መሃል ማምጣት የሚፈቅዱ ጌሞችን እየለየሁ ነው። በ32፡9 ስክሪን የምትጫወቱ፣ በተለይም ጉብጠቱ 1000አር (የክብ ሬዲየሱ 1000 ሚሊ ሜትር) የሆነውን የምትጠቀሙ፣ ዓይናችሁ ከስክሪኑ ያለውን ርቀትና ሴቲንጉ ላይ ያስገባችሁትን ማዕዘን ብታካፍሉኝ ከእኔ ልኬት ጋር አነጻጽረዋለሁ።