መብራት ሲመጣ ግራይንደሩም መጣ

ኮምቦልቻ ውስጥ ብረት ቤት ስቀጠር መጀመሪያ የተሰጠኝ ሥራ መጥረግ ነበር። ቀጥሎ መያዝ። "ያዝልኝ" ይሉኛል፣ ቱቦላሬውን፣ ውስጡ ባዶ የሆነውን ረጅም ብረት፣ እይዛለሁ፣ ፍንጣሪው እግሬ ላይ ይዘንባል። ከዚያ አንድ ቀን ግራይንደሩን፣ በሚሽከረከር ዲስክ ብረት የሚቆርጠውን የእጅ ማሽን፣ ሰጡኝ። ቁጭ አድርጎ ያስተማረኝ የለም። አይቶ መልመድ ነው። ታዲያ አይቼ የለመድኩት ጥፋቱንም ጨምሮ ነው።

የመጀመሪያው ትምህርቴ ጭኔ ላይ አለ። ረጅም ቱቦላሬ ጫፍና ጫፉን ድንጋይ ላይ አጋደምኩና መሃሉን መቁረጥ ጀመርኩ። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ብረቱ ከመሃል ጎበጠ። የቆረጥኩት ክፍተት ጠበበና ዲስኩን ነከሰው። ማሽኑ ከእጄ ተስፈንጥሮ መጣብኝ። ቱታዬን ቀደደው፣ ቆዳዬን ግን ጫረኝ እንጂ ጠልቆ አልገባም። አሠሪያችን ሮጠው መጡና መጀመሪያ ያዩት ማሽኑን ነው! ከዚያ እኔን። "ሁለተኛ አፉ ፊት እንዳትቆም፤ ጎን ቁም" አሉኝ። እስከ ዛሬ ከሰማሁት ምክር ሁሉ እሱ ይበልጥብኛል። ዲስክ ቢሰበርም ማሽኑ ቢስፈነጠርም አደጋው የሚበረታው በዲስኩ መስመር ላይ ነው።

አሁን ዋናውን ብረት በሞርሳ፣ ጨምቆ በሚይዘው መሣሪያ፣ አጠብቃለሁ፣ ተቆርጦ የሚወድቀውን ጫፍ አየር ላይ እተወዋለሁ። ጫፉ በክብደቱ ወደ ታች ሲል ክፍተቱ ይሰፋል እንጂ አይጠብም። ማሽኑንም በሁለት እጅ ነው የምይዘው። ብረቱን በአንድ እግር ረግጦ በአንድ እጅ መቁረጥ ጉብዝና የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኔም ይመስለኝ ነበር።

እዚያ ቤት ከነበሩት ትንንሽ ግራይንደሮች አንዱም የዲስክ መከላከያ አልነበረውም። የሚፈታበት ምክንያት ደግሞ ቁጠባ ነው። ባለ 230 ሚሊ ሜትር ዲስክ በትልቁ ማሽን ተበልቶ ሲያንስ ይጣላል? አይጣልም። ቀዳዳው እኩል ስለሆነ ትንሹ ላይ ይገጠማል፣ መከላከያው ካስቸገረ ይፈታል። አንድ ቀን ለተግባር ልምምድ የመጣ የቴክኒክና ሙያ ተማሪ ዲስኩን ገልብጦ አነበበ። "ጋሼ፣ ይሄ በደቂቃ 6,600 ዙር ይላል። ማሽኑ ግን 11,000 ነው።" አሠሪያችን "ዲስክ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የሚነበበው?" ብለው ሳቁ። ልጁ አልሳቀም። አዲስ ባለ 230 ዲስክ በ6,600 ዙር ሲሽከረከር ጠርዙ በሰከንድ 80 ሜትር ገደማ ይሮጣል፤ በሰዓት 288 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። የተሠራው ለዚያ ፍጥነት ነው፣ ከዚያ በላይ ከዞረ ሊፈነዳ ይችላል። ያን ቀን ልጁ ካሳየን በኋላ እኔም ማንበብ ጀመርኩ። ለካ መሃሉ ካለችው የብረት ቀለበት ላይ የሚያበቃበት ጊዜም ይጻፋል! ስስ መቁረጫ ዲስክ በጎኑ ብየዳ ማስተካከያ አይደለም፤ ለዚያ ወፍራሙ አለ። አዲስ ዲስክ ስገጥም ሰው ወደሌለበት አዙሬ ግማሽ ደቂቃ ያህል ባዶውን አዞረዋለሁ። የወደቀ ዲስክ ደግሞ እጥላለሁ። ያንገበግባል፣ ግን እጥላለሁ።

ለዓይን የፀሐይ መነጽር ይበቃል ብዬ ነበር። በጎን በኩል የገባች ቅንጣት ሐኪም ቤት አደረሰችኝ። ዙሪያውን የሚሸፍን መነጽር የገዛሁት ያኔ ነው።

በኋላ ደሴ ወጥቼ የራሴን ትንሽ ቤት ከፈትኩ። የደሴ ጠዋት ብርዱ አይጣል ነው፤ ረዳቴ አንገቱ ላይ ፎጣ ጠምጥሞ፣ የክር ጓንት አጥልቆ ይመጣል። ቡናው ላይ ይሁንለት፣ ማሽን ሲነሳ ግን ፎጣው ይወልቃል። ዲስክ ክር ካገኘ ጎትቶ ነው የሚበላው። የእንጨት ማለስለሻ ማሽን ገር ይመስላል፣ እሱ ደግሞ በብናኙ ነው የሚጎዳ። አፍንጫ ሳልሸፍን አልነካውም። ቀለም ማቅጠኛው አኳራጅ የነካው ጨርቅም ፍንጣሪ በሚደርስበት አካባቢ አይቀመጥም።

በጣም ያስደነገጠኝ ግን ማንም ሳይነካው የተነሳ ማሽን ነው። የግቢ በር እየቆረጥን መብራት ጠፋ። ማሽኑ ቁልፉ ተገፍቶ እንደበራ የሚቀር ዓይነት ነው። እንዲሁ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩትና ቡና ልጠጣ ጎረቤት ሄድኩ። ረዳቴ ጠረጴዛውን ተደግፎ ስልኩን ይነካካል። ሁለተኛውን ስኒ ሳልጨርስ ሰፈሩ "መጣ!" ብሎ ጮኸ። ወዲያው የረዳቴ ጩኸት ተከተለ። ስደርስ ግራይንደሩ ከጠረጴዛው ዘሎ ወለሉ ላይ እየተሽከረከረ የራሱን ገመድ በልቶ ቆሟል። ልጁ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። እግሩን አየሁ፤ ሁለቱም አለ። ሸበጡ ግን ጫፏ የለችም።

ያንን ማሽን ገመድ ቀይሬ አልተጠቀምኩበትም። እጅ ሲለቀው ወዲያው የሚጠፋ ገዛሁ፤ ዋጋው ትንሽ ይበልጣል። እንዲያም ሆኖ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ ቁልፉን አጠፋለሁ፣ ከዚያ ስፒናውን እነቅላለሁ። ዲስክ ስቀይርም እንደዚያው። ረዳቴ አሁን ከኔ ይብሳል። መብራት ጭልጭል ካለ እንኳ ነቅሎ ስፒናውን በእጁ ይዞ ነው የሚቆመው።