ሹመት ያዳብር

ሰሞኑን ደስታዬ ጎምዘዝ ብሎብኛል። አንዲት የሹመት ወንበር ለእኔ ከተሰጠች ወዲህ ያገኘኝ ሁሉ «ሹመት ያዳብር» ይለኛል፤ እኔም አሜን እላለሁ። ታላቅ እህቴ ግን ዛሬ ደውላ ምርቃቱን ዘለለችና «እንግዲህ እናይሃለን» አለችኝ። ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ሐሳቤ የት ሄዶ እንዳረፈ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፤ ቼስተር አርተር ላይ።

21ኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ነው። በሀገሩም ቢሆን ብዙው ሰው ከሥራው ይልቅ ሪዙን ነው የሚያስታውሰው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ማንም ሳያስተምረው የገባው ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1871 ጀምሮ የኒው ዮርክ ወደብ ጉምሩክ ኃላፊ ሳለ፣ ከቅጣት በሚደርሰው ድርሻ ጭምር፣ ገቢው በአንዳንድ ዓመት 50,000 ዶላር ገደማ ይደርስ ነበር። እዚያ ቤት ሥራ የሚገኘው በፓርቲ ሰውነት ነው፤ ሠራተኛውም ከደመወዙ ለፓርቲው ያዋጣል። በ1878 ፕሬዚዳንት ሄይስ ሻረው። በ1880 ደግሞ የተጣሉትን የፓርቲውን ወገኖች ለማስታረቅ ሲባል የፕሬዚዳንት እጩው የጋርፊልድ ምክትል ሆኖ ብቅ አለ።

ሐምሌ 2 ቀን 1881 ጊቶ የሚባል ሹመት ፈልጎ ያጣ ሰው ጋርፊልድን ዋሽንግተን ባቡር ጣቢያ ውስጥ በሽጉጥ መታው፤ መትቶም አሁን ፕሬዚዳንቱ አርተር ነው አለ። ጋርፊልድ ሁለት ወር ተኩል ሲያጣጥር አርተር ከሰው ዓይን ሸሽቶ ተቀመጠ። ደብዳቤው የደረሰው በዚህ መካከል ነው።

የጻፈችው ጁሊያ ሳንድ የምትባል፣ በሕመም ከቤት የማትወጣ የኒው ዮርክ ሴት ናት፤ ዕድሜዋ 31 ዓመት፤ አይታው አታውቅም። ሕዝቡ አንገቱን የደፋው ጋርፊልድ ስለሚሞት ሳይሆን ይበልጡን አንተ ስለምትተካው ነው አለችው። እንዲህ በግልጽ። ቀጥላም ቅንጣት ታህል መልካምነት በውስጥህ ካለች ጊዜዋ አሁን ነውና አውጣት ስትል መከረችው። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አንብቤ ጥበቃ እጠራ ነበር።

እሷ ግን እስከ 1883 ድረስ 23 ደብዳቤ ጻፈችለት። ለንጉሥ ሌላው የማይደፍረውን እንደሚናገር የቤተ መንግሥት ድንክ ራሷን ቆጥራ «ድንክህ» እያለች ትቀልድ ነበር። ሰውየውም በጥር 1883 የመንግሥት ሥራ በፈተና እንዲሰጥ፣ ለፓርቲ አላዋጣህም ተብሎ ማንም እንዳይባረር የሚያዝዘውን የፔንድልተንን ሕግ ፈረመ። የድሮ ጓደኞቹ አማርኛ ቢያውቁ ኖሮ «የበላበትን ወጪት ሰባሪ» ባሉት። ጻድቅ ነው አላልኩም፤ የቻይና ሠራተኞች ለ10 ዓመት እንዳይገቡ የከለከለውንም ሕግ የፈረመው እሱ ነው።

የለወጠው ምንድን ነው? በ1882 የማይድን የኩላሊት ሕመም እንዳለበት አውቆ ደብቆ ነበር። ሚስቱ ኔል ይህን ሁሉ ሳታይ በጥር 1880 ሞታለች፤ በፎቶግራፏ ፊት በየቀኑ አበባ ያስቀምጥ ነበር ይባላል። ሞት ያስተካክለዋል የሚል አለ። እኔ ግን ውርደቱ ይመስለኛል፤ ሀገር ሙሉ «እሱ ከሚሾም» ብሎ ሲማጸን መስማት። ደግሞም ከመሞቱ በፊት፣ በ1886፣ ወረቀቶቹን አስቃጥሏል። እሳቱ ካልበላቸው መካከል የእሷ ደብዳቤዎች ይገኙበታል፤ ዛሬ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል።

ከሁሉ የማይወጣልኝ ግን ነሐሴ 1882 ነው። ፕሬዚዳንቱ አንድ ምሽት ሳይነግር በሠረገላ ቤቷ መጣና አንድ ሰዓት ያህል ተጫውቶ ሄደ። ያቺ ደፋር ምን አደረገች? ከድንጋጤዋ ብዛት መጋረጃ ጀርባ ገብታ ተደበቀች! ወረቀት ላይ አንበሳ የሆነች ሴት ለምን ፊቱን ሸሸች? ሕመሟን እንዳያይባት ነው? ወይስ የገሠጹት ሰው ደህና ሰው ሆኖ ሲገኝ የሚባል ነገር ይጠፋል? እኔ በእሷ ቦታ ብሆን መጋረጃም አይበቃኝም ነበር፤ ከአልጋ ሥር ነበር የሚጎትቱኝ፣ ያውም «ሹመት ያዳብር ጌታዬ» እያልኩ።