«ልጄ» የሚለኝ ታራሚ

ማረሚያ ቤት ውስጥ ታራሚዎችን አማክራለሁ። ከአንዱ ጋር መጀመሪያ የተገናኘን ቀን ገና ሳይቀመጥ «እንደምን ዋልሽ፣ ልጄ» አለኝ። ክው አልኩ። ጎጃም ውስጥ በእሱ ዕድሜ ያለ ሰው እኔን «ልጄ» ቢል ወግ ነው። መዝገቡን ግን አንብቤዋለሁ። የጎረቤቱን የ11 ዓመት ልጅ ደፍሮ ነው የታሰረው። (ማንነቱ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ።) የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 627 ከ13 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ለደፈረ ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ይላል። እሱ 16 ተፈርዶበታል።

እኔም «ጋሼ» እለዋለሁ። አፌ ላይ ይከብደኛል። ካላከበርኩት ግን አይናገርም።

የምንገናኘው ድሮ ዕቃ ቤት በነበረች ክፍል ነው። በሯ አይዘጋም፤ ጠባቂ ደጅ ላይ ይቆማል። ሌሎች ታራሚዎች እንዳይሰሙት ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እኔም ለመስማት ወደ እሱ ጠጋ እላለሁ። ይህን መጠጋት እጠላዋለሁ።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ «አመነልሽ ወይ?» ነው። ለወራት ያለኝ «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» ብቻ ነበር። በፊት እከራከረው ነበር። ኋላ ሀንሰንና ቡሲዬር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጡትን ጥናት አነበብኩ። 61 ጥናቶችን አሰባስበው ሲያዩ፣ መካድ ወንጀሉን ከመድገም ጋር ይህ ነው የሚባል ዝምድና አልነበረውም። አጥብቆ የተያያዘው ወደ ሕፃናት የሚያዘነብል የወሲብ ፍላጎት ነበር። ከዚያ ወዲህ ኑዛዜ መጠበቅ ተውኩ። ኑዛዜው ለንስሐ አባቱ ይሁን። እኔ የምፈልገው መንገዱን ነው፦ ከዚያ ቀን በፊት ምን አሰበ? ምን አመቻቸ? የቱ ጋ መመለስ ይችል ነበር? ነገ ተፈትቶ የሚገባው እዚያው መንደር ነውና።

ልጅቱንስ ማን እያናገራት ይሆን? እሱን በየሳምንቱ የሚሰማው አለ። ይህ ሐሳብ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ባለፈው ሳምንት «ጋሼ፣ እናቷ ቤት እንደሌለች ሰይጣን በምን አወቀ?» አልኩት። ዝም አለ። ብዙ ቆየ።

«ቅዳሜ ገበያ እንደምትሄድ አውቅ ነበር» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «ለልጅቱ ቆሎ ይዤ ነበር። ሚስቴን ያስቆላኋት ዓርብ ማታ ነው።»

ደብተሬ ላይ «ዓርብ ማታ» ብዬ ጻፍኩ። እጄ ይንቀጠቀጣል። በሚቀጥለው የምንጀምረው ከዚያ ነው።

ማታ ቤት ስገባ ሕፃኗ ሮጣ መጥታ እግሬን አቀፈችኝ። «ልጄ» ልላት አፌን ከፈትኩ። አልወጣልኝም። በስሟ ጠራኋት።