ድራሙ ዘግይቶ ይደርሳል

ትናንት ማታ ልጄን ለመጀመሪያ ጊዜ የሮክ ኮንሰርት ይዣት ሄድኩ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቤት የገባነው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አልፎ ነው። መኪና ውስጥ ቀበቶዋን አስሬላት ሳልጨርስ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ያ ትልቅ የጆሮ መሸፈኛ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር። አቅፌ ሳስገባት ዓይኗን ሳትገልጥ «አለቀ?» አለችኝ። «አለቀ የኔ እናት» አልኳት። «ይደገም በያቸው» አለችና ተመልሳ ተኛች።

እኔን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከኮንሰርት በኋላ ሁሌም እንዲህ ነኝ፤ ሰውነቴ ይደክማል፣ ልቤ ግን ገና አልተቀመጠም። የትናንቱ ደግሞ ለየት ያለ ነበር፣ ስለዚህ ሳልረሳው ልጻፈው።

የቆምነው ራቅ ብለን ነው። አስቤበት የመረጥኩት ቦታ ነው፤ መውጫው ቅርብ፣ መሬቱ ከፍ ያለ፣ ትልቁ እስክሪን ፊት ለፊት የሚታይበት። ሦስተኛው ዘፈን ላይ እጅጌዬን ጎተት አደረገችኝ። ጎንበስ ስል በሙሉ ድምጿ «እማዬ፣ ድራመሩ ተሳስቷል!» ብላ ጮኸችብኝ።

«እንዴት?»

«ስቲኩ ሲያርፍ ድምፅ የለም። ስቲኩ ከተነሳ በኋላ ነው የሚሰማው።»

ቀና ብዬ እስክሪኑን አየሁ። እውነቷን ነው። የድራመሩ ቀኝ እጅ ወርዶ ይመታል፣ ይነሳል፣ ከዚያ ነው ያ ደረቅ «ጧ» የሚለው ድምፅ እኛ ጋ የሚመጣው። ስንት ዓመት ኮንሰርት ስመላለስ ይህን አንድም ቀን አስተውዬው አላውቅም። የጆሮ መሸፈኛዋን ከፍቼ ላስረዳት አልፈለግሁም፤ ስልኬን አውጥቼ ጻፍኩላት። ብርሃን ወዲያው ይደርሳል፤ ድምፅ ግን በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ነው የሚሄደው። እኛ ከመድረኩ 100 ሜትር ገደማ ርቀናል፣ ስለዚህ ድራሙ እኛ ጋ ለመድረስ የሰከንድ ሲሶ ያህል ይፈጅበታል። ሕዝቡ በአንድነት ሲያጨበጭብ የፊተኛውና የኋለኛው ሳይገጥም የሚቀረውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሁሉም በሰማበት ሰዓት ነው የሚያጨበጭበው።

ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበችው። ትንሽ አሰበች። ከዚያ ስልኬን ተቀበለችኝና በአንድ ጣቷ ጻፈች፦ «ታዲያ ለምን ፊት አልቆምንም?»

ፊት! እኔ ፊት ካልሆነ የማልቆም ሰው ነበርኩ።

የመጀመሪያ ኮንሰርቴን ያየሁት በአሥራ ሰባት ዓመቴ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ነው። እናቴ «እጇን እንዳትለቅ» ብላ አስምላው ነው የወጣነው። በሩ እስኪከፈት አምስት ሰዓት ተሰለፍን፤ ከዚያ ሮጠን መድረኩ ሥር ያለው የብረት አጥር ላይ ተለጠፍን። ወንድሜ ዘፋኞችን ሳይሆን ዕቃዎቹን ነበር የሚወደው። ሰልፍ ላይ ሆኖ ያወራልኝ ሁሉ ስለ አምፕሊፋየር፣ የጊታሩን ድምፅ ስለሚያጎላው ሳጥን ነው። የማርሻል አምፕሊፋየር ባለቤት ጂም ማርሻል ራሱ ድራመርና የድራም አስተማሪ እንደነበረ፣ ለንደን ውስጥ የሙዚቃ ዕቃ ሱቅ እንደነበረው፣ ጊታር የሚጫወቱት ልጆች ከፍ ያለ ድምፅ ያለው ዕቃ እንፈልጋለን ስላሉት እ.ኤ.አ. በ1962 የራሱን መሥራት እንደጀመረ። ግሬትፉል ዴድ የሚባለው ባንድ በ1974 ከ600 በላይ ስፒከር እንደ ግንብ ደርድሮ ከኋላው ያቆም እንደነበርና ሙዚቀኞቹ ሕዝቡ የሚሰማውን ያንኑ ድምፅ ይሰሙ እንደነበር። እኔ ግማሹ አልገባኝም፣ ግን ሲያወራ ዓይኑ ሲበራ ማየት ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ መብራት ጠፋ። በሕይወቴ ከማልረሳቸው ጊዜያት አንዱ ያ ነው። ጨለማው ውስጥ የሚታየው አምፕሊፋየሮቹ ላይ የበራችው ቀይ መብራት ብቻ ናት። ቀጭን እምምም የሚል ድምፅ አለ፤ ጊታሩ ተሰክቶ ገና ያልተመታ። ሺህ ሰው ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። አንድ ሰው ከመድረኩ ጥግ ወደ መሀል ሲራመድ የጫማው ድምፅ ይሰማኛል፣ ያን ያህል ቅርብ ነበርን። የመጀመሪያው ምት ሲመጣ በጆሮዬ አልሰማሁትም፤ ደረቴን ነው የመታኝ። ወንድሜ እጄን ጭብጥ አድርጎ ይዞ ነበር። አስምላው የለ!

ግን የቆምነው የግራው ትልቅ ስፒከር ልክ ፊት ለፊት ነበር። ስንወጣ ጆሮዬ ጭው አለ። ማታም ጭው፣ በማግሥቱም ጭው። በሦስተኛው ቀን ማታ ትራስ ውስጥ ተደብቄ አለቀስኩ፤ ዝምታ ዳግመኛ የማይመለስ መሰለኝ። በአራተኛው ቀን ለቀቀኝ። ወንድሜ በዚያ ሰሞን የሆነውን ሁሉ በራሱ ላይ ነው የጣለው። አንብቦ አንብቦ መጥቶ ነገረኝ፦ የድምፅ ኃይል የሚለካው በዴሲቤል ነው፤ በሥራ ቦታ ደንብ 85 ዴሲቤል ለስምንት ሰዓት ይቻላል ይባላል፤ ከዚያ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ዴሲቤል ላይ ሲደርስ የሚቀረው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። እኛ ደግሞ ስፒከር ሥር ሁለት ሰዓት ቆመናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን የጆሮ መድፈኛ ያልያዘ ኮንሰርት አይሄድም። ርካሹ የስፖንጅ መድፈኛ ቀጭኑን ድምፅ በልቶ ሙዚቃውን ብርድ ልብስ ውስጥ የገባ ያስመስለዋል፤ ለሙዚቃ ተብሎ የተሠራው ግን ሁሉንም እኩል ነው ዝቅ የሚያደርገው፣ እንዲያውም ግጥሙ ይበልጥ ይለያል። ማንም ኮንሰርት እሄዳለሁ ሲለኝ ከምንም በፊት የምጠይቀው ይህንኑ ነው። የሚሰለቹኝ አሉ። ይሰልቹኝ።

በኋላ ወንድሜ ኑሮ ራቅ ወዳለ ቦታ ሲወስደው ከሁለት ጓደኞቼ ጋር መሄድ ጀመርኩ። አንደኛዋ ዝግ ያለ ዘፈን ሲመጣ ታለቅሳለች፤ ሁሌም አንድ ዘፈን ላይ፣ ሁሌም ከሁለተኛው አዝማች በኋላ። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም፣ ዝም ብዬ ክንዷን ነው የምይዛት። ሌላኛው ጓደኛዬ ድምፅ ከባለሙያው አጠገብ ሆኖ ነው የሚሰማው ብሎ ከፊት አንቆ ያወጣን እሱ ነው። ሚክሰሩ፣ ማለትም የድምፅ ማስተካከያው ያለበት፣ በመሀል ሜዳ በአጥር የተከበበው ቦታ ነው። ሳውንድ ማኑ ድምፁን የሚያስተካክለው ራሱ በሚሰማው ስለሆነ፣ እሱ አጠገብ የቆመ ሰው ልክ የታሰበለትን ድምፅ ያገኛል። ፊት ስትቆም ጊታሩ ከአምፕሊፋየሩ በቀጥታ ይመጣብህና ዘፋኙ ይሰወርብሃል። ለካ ስንት ዓመት ግጥሙን ሳልሰማ ነው የጮህኩት!

ይሄ ጓደኛዬ እ.ኤ.አ. በ1965 ኒውዮርክ ሺ ስታዲየም ውስጥ ስለተደረገው የቢትልስ ኮንሰርት ማውራት ይወዳል። ከ55,000 በላይ ሰው ተሰብስቦ፣ የዘፈኑ ድምፅ የሚወጣው ጨዋታ ለማስተዋወቅ በተሰቀለው የስታዲየሙ ድምፅ ማጉያ ነበር። ጩኸቱ ሁሉንም ዋጠው። ድራመሩ ሪንጎ ስታር በእነዚያ ኮንሰርቶች ምንም ስለማይሰማው የጓደኞቹን ሰውነት እንቅስቃሴ እያየ ይመታ እንደነበር ተናግሯል። ትናንት ልጄ እስክሪኑ ላይ አፍጥጣ ሳያት ይሄ ትዝ አለኝ።

አባቴ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

አባዬ ሮክን «ጩኸት» ነበር የሚሉት። ክፍሌ ውስጥ ስከፍት በሩን ቀስ አድርገው ይዘጉታል እንጂ ተቆጥተውኝ አያውቁም። አንድ ጊዜ ያቺ የምታለቅሰው ጓደኛዬ ታማ ትኬት ተረፈኝ። «አባዬ፣ አብረን እንሂድ?» አልኳቸው፣ እሺ ይሉኛል ብዬ አይደለም። «ምን ቸገረኝ» ብለው ኮታቸውን አነሱ። ያን ጊዜ ስልሳ አምስት አልፏቸዋል፣ ቀኝ ጆሯቸው መስማት ከቀነሰ ቆይቷል።

መንገድ ላይ ስለ ላይቭ ኤይድ፣ በኢትዮጵያ ረሃብ ለተጎዱት እርዳታ ለማሰባሰብ ስለተደረገው ኮንሰርት ነገርኳቸው። የሰባ ሰባቱን ረሃብ በዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸው፤ ኮንሰርቱን ግን በቅጡ አያውቁትም ነበር። ጁላይ 13 ቀን 1985 ለንደን ዌምብሌይ እና ፊላደልፊያ በአንድ ቀን፣ በሳተላይት ተያይዞ፣ 16 ሰዓት ያህል የዘለቀ፤ ከዘፋኞቹ አንዱ ፊል ኮሊንስ ለንደን ተጫውቶ በኮንኮርድ አውሮፕላን ተሻግሮ ያው ቀን ፊላደልፊያ ላይ የደገመበት። «ይሄ ሁሉ ስለ እኛ?» አሉኝ። «ስለ እኛ» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ እስክንደርስ ድረስ በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ አንድ ቃል አልተናገሩም። እኔም ዝም አልኩ።

የያዝኩት በጎን በኩል ያለ መቀመጫ ነው። ለኔ መቀመጥ ቅጣት ነበር፣ ለሳቸው ስል ተቀመጥኩ። የመጀመሪያዎቹን ዘፈኖች እጃቸውን አጣምረው ሰሙ። ዙሪያው ጣቱን የቀንድ ቅርፅ አድርጎ ሲያነሳ «ይሄ ምን ማለት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። በሮክ ዓለም ያስፋፋው ሮኒ ጄምስ ዲዮ የሚባል ዘፋኝ እንደሆነ፣ እሱም ከጣሊያናዊት አያቱ እንዳየው፣ እሷ ደግሞ ክፉ ዓይንን ለመመለስ ታደርገው እንደነበር ነገርኳቸው። «አሃ፣ የአያት ነገር ነዋ!» አሉ። ከዚያ በኋላ ፊታቸው ፈታ አለ።

መሀል ላይ ዞር ስል ቀኝ መዳፋቸውን ፊታቸው ያለው የብረት መደገፊያ ላይ ዘርግተው አስቀምጠዋል። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ቤዝ ጊታሩ በረገጠ ቁጥር ጣቶቻቸው ትንሽ ይነሳሉ። የደከማቸው መስሎኝ «እንሂድ?» ስላቸው ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ። እጄን ይዘው ብረቱ ላይ አኖሩትና «እዚህ ነው ያለው» አሉኝ። ብረቱ እንደ ሕያው ነገር ይንቀጠቀጣል። እስከ መጨረሻው እንደዚያው ሆነን፣ ሁለት መዳፍ አንድ ብረት ላይ፣ ቆየን። መድረኩን ብዙም ያየሁት አይመስለኝም።

እንግዲህ ልጄ «ለምን ፊት አልቆምንም» ስትለኝ ይሄን ሁሉ በስልክ መጻፍ አልቻልኩም። «አንቺ ስታድጊ ፊት ትቆሚያለሽ፣ እኔም አጠገብሽ» ብዬ ብቻ ጻፍኩላት። ትከሻዋን ነቀነቀችና ወደ እስክሪኑ ዞረች። የቀረውን ኮንሰርት ስቲኩ ሲያርፍ በጣቷ እየጠቆመች፣ ድምፁ ሲደርስ እግሯን እየመታች ነው የጨረሰችው። ሙዚቀኞቹ ለመጨረሻ ጊዜ ተመልሰው ሲወጡ ሕዝቡ ሁሉ የስልኩን መብራት አበራ፤ የኔን ስልክ እሷ ነበረች ወደ ላይ የያዘችው፣ ክንዷ ሲዝል በሌላኛው እየደገፈች።

ዛሬ ከምሳ በኋላ አባዬ ጋ ሄድን። አሁን ከቤት ብዙም አይወጡም፣ ግራው ጆሯቸውም ተከትሎ ደክሟል። ልጄ ከበሩ ጀምሮ ነው ማውራት የጀመረችው። እሳቸው ፈገግ እያሉ «እሺ፣ እሺ» ይላሉ፤ እንዳልሰሟት አውቃለሁ፣ እሷም አወቀች። ዝም አለች። ከዚያ ከኩሽና ሁለት የእንጨት ማንኪያ ይዛ መጣች። የአያቷን እጅ አነሳችና መዳፋቸውን ረጅሙ የምግብ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ዘረጋችው። እሷ ዞራ ሌላኛው ጫፍ ሄደች። እንጨት ውስጥ ድምፅ ከአየር ይልቅ በብዙ እጥፍ እንደሚፈጥን አልነገርኳትም፤ ከየት እንዳመጣችው እንጃ።

መታች። አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ የትናንቱን የመጨረሻ ዘፈን ምት፣ ምላሷን በጥርሷ ይዛ፣ እንዳትስት እየተጠነቀቀች። አባዬ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጣቶቻቸው ተነሱ።

ቆም አለችና ሮጣ መጥታ ወደ ጆሯቸው ጮኸች፦ «አባባ፣ ደረስዎት?»

«ደረሰኝ።»

«ዘገየ?»

«አልዘገየም» አሏት፣ መዳፋቸውን ሳያነሱ። «ድገሚልኝ።»