ለቤተሰብ ፎቶ ምን እንልበስ?

ፎቶ ቤት ሄደን ደህና የቤተሰብ ፎቶ እንነሳ ያለው ወንድሜ ነው። የልብሱ ጣጣ ግን እኔ ላይ ወደቀ። እማዬ፣ አባዬ፣ ወንድሜ፣ እኔና የሦስት ዓመት ልጄ ነን፤ የሁላችንም ፍላጎት ለየቅል ነው። አባዬ ሱፍ ካልለበስኩ አልነሳም ይላል። ወንድሜ ከጥቁር ቲሸርት ሌላ ልብስ ያለው አይመስልም።

በመጀመሪያ ፎቶ አንሺው ጋ ደወልኩ። ጉርድ ነው ሙሉ ቁመት? ጀርባውስ ምን ዓይነት ቀለም ነው? ከወገብ በላይ እንደሆነና ጀርባው ጥቁር ግራጫ እንደሆነ ነገረኝ። ግማሹ ጭንቀቴ እዚያው አለቀ። ስለ ጫማና ስለ ቀሚስ ርዝመት ማሰብ ቀረ። የወንድሜም ቲሸርት አብሮ ቀረ። ጥቁር ልብስ በጥቁር ጀርባ ላይ ሲሆን ትከሻው አይታይም፤ ጭንቅላት ብቻ ተንሳፎ ይቀራል።

አሁን ወጉ አንድ ዓይነት ጥለት ነው። ለክርስትናም ለበዓልም ቤተሰቡ በሙሉ ሽሮ ሜዳ ሄዶ አንድ ዓይነት ያሠራል። ያምራል፣ አልክድም። ለፎቶ ግን አልወደውም። ደማቅ ጥለት አምስት ሰው ደረት ላይ ከተደረደረ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ጥለቱ ላይ ነው፤ ፊት ተረስቶ ይቀራል። ስለዚህ እማዬን መነሻ አደረግኩ። እሷ የምትወደውን የፈትል ቀሚስ፣ ወይን ጠጅ ጥለት ያለውን ትልበስ። ሌሎቻችን ከዚያ ቀለም ትንሽ ትንሽ እንውሰድ፦ አባዬ በከረባቱ፣ እኔ በሻርፔ። ወንድሜ ግራጫ ሹራብ ለበሰ፣ ያውም በስንት ልመና።

ነጭ ልብስ ካሜራ ፊት አስቸጋሪ ነው። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ በአማካይ ወደ ግራጫ ሊያመጣው ይሞክራል። ፎቶው በነጭ ሲሞላ ብርሃን የበዛ መስሎት ያጨልመዋል፤ ጠይም ፊት ደግሞ ይብሱን ይጠቁራል። ለፊት ተብሎ ብርሃኑ ሲጨመር በተራው ልብሱ ይነጣና ሽመናው ይጠፋል፤ ወረቀት የለበሱ ይመስላል። ደግነቱ የእጅ ፈትል ድርቅ ያለ ነጭ አይደለም፣ ወደ ክሬም ይጠጋል፤ ብርሃንም አያንጸባርቅም። የሚያብለጨልጭ ክር ያለበት ግን መብራት ሲያርፍበት ቦግ ይላል። ነጭ አንድ ጥሩ ነገርም አለው፦ ብርሃኑን ከታች ወደ ፊት ይመልሳል። የእማዬ ከዓይን ሥር ያለው ጥላ በነጩ ቀሚስ ሲቀንስ በዓይኔ አይቻለሁ።

ያየሁት ፎቶ ቤት ሳይሆን ሳሎናችን ውስጥ ነው። ዋዜማውን እያንዳንዱን ሰው ልብሱን አስለብሼ መስኮት አጠገብ አስቀመጥኩና በስልኬ አነሳሁ። መስታወት የማያሳየው ብዙ ነገር አለ። የአባዬ ቀጭን መስመር ያለው ሸሚዝ ፎቶው ላይ እንደ ውኃ ይሞገዳል። መስመሮቹ በጣም ሲቀራረቡ ካሜራው ለይቶ ማንሳት ስለሚያቅተው ነው። እኔ ልለብሰው ያሰብኩት ደማቅ አረንጓዴ ሹራብ ደግሞ አገጬ ሥር አረንጓዴ ቀለም ጣለብኝ፤ የታመምኩ እመስል ነበር። ሁለቱም ወደ ቁምሳጥን ተመለሱ።

ሹሩባ ካለ ቀደም ብሎ ቢሠራ ይሻላል። አዲስ ሹሩባ ግንባር ይወጥራል፣ ቅንድብ ሽቅብ ይስባል፤ ሰውዬው የደነገጠ ይመስላል። ሁለት ሦስት ቀን ሲያድር ላላ ይላል።

ፎቶ ቤቱ ውስጥ የተፈጠረውን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ረዳቷ ልጅ ለማሳመር ብላ የእማዬን ነጠላ ገለበጠችና ጥለቱን አንገቷ ዙሪያ አደረገችው። ቀለሙ ፊቷ አጠገብ ሲሆን በእርግጥ ያምር ነበር። እማዬ ግን መስታወቱን አየችና «ምነው ልጄ፣ ማን ሞተብኝ?» አለች። ነጠላ የሚዘቀዘቀው ለሐዘን ነው። ልጅቷ ደንግጣ «ይቅርታ ማዘር፣ እርስዎ እንደሚወዱት ያድርጉት» አለቻት። እማዬ ጥለቱን ወደ ታች መልሳ ነጠላዋን በትከሻዋ ጣል አደረገችው። ማተቧንም ከውስጥ አውጥታ አስተካከለች። የአገር ልብስ ለብሰው ፎቶ የሚነሱ ከሆነ ነጠላውን የሚያስተካክለው ባለቤቱ ይሁን።

አባዬ ከሳ ስላለ የሸሚዙ ኮሌታ ከአንገቱ ርቆ ቆሞ ነበር። ፎቶ አንሺው ከኋላ ሰብሰብ አድርጎ በመርፌ ቁልፍ ያዘው። ከፊት ሲታይ ልኩን የተሰፋ ይመስላል። ከዚያ ወዲህ መርፌ ቁልፍ ከቦርሳዬ አይጠፋም።

የሕፃን ልብስ መልበሻ ሰዓቱ ካሜራው ከተዘጋጀ በኋላ ነው። ልጄን ቤት አልብሼው ቢሆን ኖሮ ታክሲ ውስጥ በብስኩት ይጨርሰው ነበር። የፈትል ልብስም ታጥፎ አይኬድበትም፤ የመታጠፊያው መስመር መብራት ሥር ጎልቶ ይወጣል። የእማዬን ቀሚስ በመስቀያ አንጠልጥዬ ነው የሄድኩት፣ ሰው ዞር ብሎ እያየኝ።

ጫማ አይታይም ብዬ ስንት ጊዜ ነግሬው አባዬ ሊስትሮ ጋ ቁጭ ብሎ አስጠርጎ ነው የመጣው። ወንድሜ ነጠላ ጫማውን እንዳደረገ ተነሳ፤ ማንም አላወቀበትም።