በሰው ወንዝ

ጥቅምት ሲገባ እንዲህ ያደርገኛል። ምክንያት የለውም። ቤቱ ሰላም ነው፣ ሥራውም ያው ሥራ ነው። እኔ ግን ከማለዳ ጀምሮ ከጥላዬ ጋር መጣላት ያምረኛል። የልጆቼ እናት ስለለመደችው ብዙም አትናገረኝም። ዛሬ ግን ቡናዋን እየቀዳች «በቃ ሂድ ወደ ወንዝህ፣ ቤቱን አታጨልምብን» አለችኝ። ሄድኩ።

«ወንዝህ» የምትለው ክሊር ክሪክን ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ከተራራው ወርዶ፣ የጎልደንን ከተማ አቋርጦ ወደ ዴንቨር የሚመጣ ጠባብ ወንዝ ነው። ከእኛ ሰፈር ከኦሮራ በመኪና አንድ ሰዓት ቢሞላ ነው። ጸጥታ የሚፈልግ ሰው አይመርጠውም፤ አውራ ጎዳናው አጠገቡ ስለሆነ በአንድ ጆሮህ ውሃ፣ በሌላው የከባድ መኪና ፍሬን ትሰማለህ። ዓሣዎቹም ቢሆኑ የሚያኮሩ አይደሉም። አብዛኞቹ ብራውን ትራውት ናቸው፣ ከስንዝር ትንሽ ቢበልጡ ነው። ለእኔ ይበቃል።

እናቴ ይህ የዓሣ ማጥመድ ነገር እስከ ዛሬ አልገባትም። መንጠቆ ላይ ክርና ላባ ጠቅልለን ዝንብ እንደምናስመስል ነገርኳት፣ እሺ አለች። ዝንቡ ክብደት ስለሌለው የሚወረወረው ወፍራሙ ገመድ እንደሆነ፣ ለዚህም ዘንጉን ወደ ኋላና ወደ ፊት እንደምናወዛውዝ ነገርኳት፣ እሱንም እሺ አለች። ከዚያ የያዝኩትን እንደምለቀው ስነግራት ስልኩ ጸጥ አለ።

«ይዘህ ትለቀዋለህ?»

«አዎ እማዬ።»

«አንተስ ይሁን፣ እሱን ምን አስለፋው?»

መልስ የለኝም። አሁንም የለኝም።

ዛሬ ገመዱን ሳልፈታ ወደ ጥልቀት የለሹ ውሃ ልገባ አንድ እግሬን አንስቼ ነበር። ከፊቴ የምጣድ ያህል ስፋት ያለው ታጥቦ የተሰጣ የሚመስል ጠጠር አየሁ። ዙሪያው አረንጓዴና ቡናማ ሆኖ እሱ ብቻ ነጣ ብሏል። እግሬን በአየር ላይ እንዳለ መለስኩት። አንዲት ዓሣ በጎኗ ተጋድማ በጅራቷ ጠጠሩን እየመታች ትቆፍራለች። ወንዱ ትንሽ ወረድ ብሎ ቆሟል፤ ሆዱ ወርቅ መስሏል፣ የታችኛው መንጋጋው ወደ ላይ ተቆልምሟል። ብራውን እንቁላሉን የሚጥለው በመጸው ነው። እንቁላሉ ክረምቱን ሙሉ በረዶና ጠጠር ስር ተቀብሮ ከርሞ ወደ ጸደዩ ነው የሚፈለፈለው። በላዩ የሄደ ሰው ሳያውቅ ስንቱን እንደሚጨፈልቅ አስቡት። መንጠቆ መወርወርማ በአራስ ቤት ደጃፍ ወጥመድ እንደ መዘርጋት ነው። ወጥቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ጥፋቴ መቀመጤ ነው። ስቀመጥ አስባለሁ።

ይቺ ዓሣ የዚህ አገር አይደለችም። እንቁላሏ በ1883 ከጀርመን በመርከብ ኒው ዮርክ ገባ፣ በዓመቱ ሚሺገን ውስጥ አንድ ወንዝ ላይ ጫጩቶቹ ተለቀቁ። 140 ዓመት አለፈው። ሽማግሌ አጥማጆች ግን ዛሬም «ጀርመን ብራውን» ነው የሚሏት። እኔን እዚህ አገር በገባሁ በ26ኛ ዓመቴ «ግን በትክክል ከየት ነህ?» ቢሉኝ ምን ይገርመኛል? ይህንን እንኳን ማንም ስደተኛ ያስበዋል፤ ወንዝ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም።

እኔን የያዘኝ የተወላጁ ታሪክ ነው። የኮሎራዶ የራሱ ዓሣ ግሪንባክ ከትስሮት ይባላል። አገጩ ስር ቢላ የነካው የሚመስል ቀይ መስመር አለው። የመጤዎቹ ዓሣዎች ሽሚያ፣ የማዕድን ቁፋሮው ቆሻሻ፣ የሰዉ መንጠቆ ተደራርቦበት በ1937 ጠፍቷል ተባለ። በኋላ ተገኘ ተብሎ ደስታ ሆነ። አራቡት፣ በየወንዙ ለቀቁት፣ በ1994 የግዛቲቱ ዓሣ ብለው ሾሙት። በ2012 የዘር ምርመራ ያደረጉ ተመራማሪዎች መጡና «ይህ የምታራቡት ሌላ ዘር ነው» አሉ። እውነተኛው ግሪንባክ የተረፈው በአንዲት ጅረት ብቻ ነበር፤ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ አጠገብ፣ ቤር ክሪክ።

ጉዱ ምን መሰላችሁ? ቤር ክሪክ አገሩ አይደለችም። የእሱ አገር ሳውዝ ፕላት የሚባለው ወንዝ ነው፤ የቤር ክሪክ ውሃ ግን ወደ አርካንሳስ ወንዝ ነው የሚሄደው። በ1800ዎቹ መጨረሻ ላይ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ያለው ሰው ነው እንግዶቹ እንዲያጠምዱት ብሎ እዚያ የጨመረው። አገሩ የቀረው አለቀ። በሰው ወንዝ የተጣለው ሳይደባለቅ ቆየ።

እዚህ ላይ የባለፈው ዓመት የአዲስ አበባ ጉዞዬ ትዝ አለኝ። ከአንድ ወጣት ሹፌር ጋር በድሮ ሰፈሬ ስናልፍ «ድሮ ውይይት የሚነሳው ከዚህ ነበር» አልኩት። ልጁ በመስታወቱ አየኝና «የምን ውይይት?» አለኝ። ስብሰባ መስሎታል። ታክሲ ነው ብዬ ሳስረዳው በጣም ሳቀ። «ጋሼ፣ አማርኛዎ እንደ አያቴ ነው» አለኝ። አያቱን ምን ያህል እንደሚወድ አላውቅም፣ በምስጋና ወሰድኩት።

ለካ እኔ ቤር ክሪክ ነኝ። አማርኛው እዚያ ወንዙን ተከትሎ ሄዷል፣ እኔ ጋ ያለው ስወጣ የያዝኩት ነው። ይባስ ብሎ አራብቼዋለሁ። ትንሿ ልጄ የአሜሪካንን ሃያ አምስት ሳንቲም «ስሙኒ» ነው የምትለው፤ እኔ ነኝ ያስለመድኳት። «አባዬ፣ ለማሽኑ ስሙኒ አለህ?» ትለኛለች። በቅርቡ ከአዲስ አበባ የመጣው የወንድሜ ልጅ ይህን ሰምቶ «ስሙኒ ምንድነው?» አላት። አስራ አንድ ዓመቷ ነው፣ የተወለደችው ኦሮራ ነው፤ ለሸገር ልጅ አማርኛውን ተረጎመችለት። «ኳርተር ማለት ነው» ብላ።

ስነሳ እግሮቼ ደንዝዘዋል፣ ፀሐይዋም ከተራራው ጀርባ ገብታለች። ዓሣዋ ትኑር ትሂድ አላየሁም።

ቤት ስገባ የልጆቼ እናት «ዛሬስ?» አለችኝ።

«ገመዱንም አልፈታሁት።»

«ለፈቃዱ በዓመት ስንት ነበር የምትከፍለው?»

«በስሙኒ ልንገርሽ?»

አልሳቀችም።